ሰር ጀምስ ዲዋር፡- ፔርሙስን ለዓለም ያበረከቱት የቅዝቃዜ ተመራማሪ

በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ፣ በየስብሰባ አዳራሹና በየመኖሪያ ቤቱ ትኩስ ሻይና ቡና ይዞ የሚቀርበው ፔርሙስ ከዕለት ተዕለት ኑሯችን ጋር ከመዋሃዱ የተነሳ የከፍተኛ ሳይንሳዊ ምርምር ውጤት መሆኑን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ዕቃው መጀመሪያ የተሠራው ትኩስ ነገር እንዳይቀዘቅዝ ሳይሆን እጅግ የቀዘቀዘ ነገር እንዳይሞቅ ለማድረግ እንደነበረ የሚያውቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ እንዳይተላለፍ የሚከላከሉ ቁሶችን ማግኘት የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲያስብበት የኖረ ጉዳይ ነው። የሣር ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የሱፍ ጋቢና የላባ ፍራሽ ሁሉም የዚህ ጥረት ውጤቶች ናቸው። ዛሬም ቢሆን ክትባት ሳይበላሽ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲደርስ፣ ኦክስጅን ለሆስፒታል እንዲቀርብ፣ የተሻሻለ ዝርያ ያለው የኮርማ አባላዘር ለአርሶ አደሩ እንዲዳረስ የሚያስችለው ሙቀትን የሚከላከል አስተማማኝ ቁስ ሲኖር ነው። ይሁንና ቁሱ ጥሩ መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ዋጋውም የብዙኃኑን አቅም ያገናዘበ መሆን ይኖርበታል።

በዚህ መስክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሳ ሳይንቲስቶች አንዱ ስኮትላንዳዊው ሰር ጀምስ ዲዋር ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው የአንድን ታላቅ ግኝት አመጣጥ ከማሳየቱም ባሻገር ግኝት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ሕዝብ ሲደርስ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ ለመመርመር ይጋብዛል።

ከበረዶ አደጋ እስከ ቤተ ሙከራ

ጀምስ ዲዋር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 1842 በስኮትላንድ ፎርዝ ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው ኪንካርዲን በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቶማስ ዲዋር በከተማዋ የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ጀምስ ከወንዶች ልጆቻቸው የመጨረሻው ነበሩ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ በክረምት ወራት የበረዶ ንጣፍ ከሥራቸው ተሰብሮ ከውኃ ውስጥ ገቡ። ከአደጋው በሕይወት ቢተርፉም በዚሁ ሰበብ በያዛቸው የቁርጥማት ትኩሳት ምክንያት ለሁለት ዓመት ያህል እንደ እኩዮቻቸው መሮጥና ትምህርት ቤት መመላለስ ተሳናቸው። ይህን ጊዜ ያሳለፉት በአካባቢያቸው ከነበረ አናጢ ዘንድ እየዋሉ ቫዮሊን መሥራት በመማር ነበር። እንጨት መላግን፣ ማጣበቅንና ስስ ነገርን ሳይሰብሩ ቅርጽ ማስያዝን ያን ጊዜ እንደተማሩና ለቤተ ሙከራ ሥራቸው መሠረት የሆናቸውም ይኸው የእጅ ሙያ እንደነበረ በኋለኛው ዘመናቸው ይናገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 በእጃቸው ከሠሯቸው ቫዮሊኖች አንዱ ከ67 ዓመታት በኋላ የጋብቻቸው 50ኛ ዓመት ሲከበር ተጫውተውበታል።

ዲዋር 15 ዓመት ሲሆናቸው ወላጆቻቸውን በሞት ተነጠቁ። ሆኖም ትምህርታቸውን አላቋረጡም። በዶላር ከተማ በሚገኘው አካዳሚ ተምረው ወደ ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ በመግባት በዘመኑ ስመ ጥር በነበሩት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ላዮን ፕሌይፌር ሥር ሠለጠኑ፤ ቆይተውም ረዳታቸው ለመሆን በቁ። እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ ቤልጂየም ተጉዘው በጌንት ከተማ ታዋቂው ኬሚስት አውጉስት ኬኩሌ ዘንድ ሠርተዋል። በዚሁ ዓመት ቤንዜን የተባለው ውህድ ሊኖረው የሚችለውን ውስጣዊ አወቃቀር ለማሳየት ያቀረቡት ሞዴል ዛሬም በኬሚስትሪ መጻሕፍት በስማቸው ይጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1869 በኤደንብራ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር ሆነው ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሄለን ሮዝ ባንክስን አገቡ። ልጅ ባይወልዱም ባለቤታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከጎናቸው ያልተለዩ አጋር ነበሩ።

ለኋለኛው ትልቅ ግኝት ፍንጭ የሆነው ሙከራም በዚሁ በኤደንብራ ዘመን የተካሄደ ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዲዋር ፓላዲየም የተባለው ብረት ሃይድሮጅን ሲመጥ የሚኖረውን የሙቀት ባሕርይ ለመለካት ፈልገው ነበር። የውጪው ሙቀት ልኬቱን እንዳያዛባባቸው ድርብ ግድግዳ ያለው ዕቃ ሠርተው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የነበረውን አየር አስወጡት። ሙከራው ከተጠናቀቀ በኋላ ዕቃው ለሌላ ጥቅም ሳይውል ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ።

በሮያል ኢንስቲትዩሽን

እ.ኤ.አ. በ1875 ዲዋር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ከሁለት ዓመት በኋላም ለንደን በሚገኘው የሮያል ኢንስቲትዩሽን የኬሚስትሪ ፕሮፌሰርነት ተሰጣቸው። ሁለቱንም ሹመቶች እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘው ቆይተዋል። በካምብሪጅ ከጆርጅ ላይቪንግ ጋር በመሆን በብርሃን ኅብር ትንተና ላይ በርካታ ጥናቶችን ያሳተሙ ቢሆንም ልባቸው ያረፈው ለንደን ላይ ነበር። ሮያል ኢንስቲትዩሽን ቀደም ሲል ሃምፍሪ ዴቪና ማይክል ፋራዴይ የሠሩበት፣ ሳይንስን ለሕዝብ በማስተማርም የታወቀ ተቋም ነው። ዲዋር ለወጣቶች በገና ሰሞን የሚሰጠውን ዝነኛ ትምህርት ዘጠኝ ጊዜ አቅርበዋል።

በዚያን ዘመን የአውሮፓ ሳይንቲስቶች በአንድ ትልቅ እሽቅድምድም ላይ ነበሩ። ፋራዴይ ብዙ ጋዞችን በግፊትና በቅዝቃዜ ወደ ፈሳሽነት ለመለወጥ ችለው የነበረ ቢሆንም ኦክስጅንን፣ ናይትሮጅንን፣ ሃይድሮጅንንና ጥቂት ሌሎችን ግን ማሸነፍ አልተቻላቸውም። በመሆኑም እነዚህ ጋዞች ለዘለዓለም ጋዝ ሆነው የሚኖሩ ናቸው ተብለው ተፈርጀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 ማብቂያ ላይ ሉዊ ካየቴ በፈረንሳይ፣ ራውል ፒክቴ ደግሞ በስዊዘርላንድ ጥቂት የኦክስጅን ጠብታዎችን ለማየት በመቻላቸው ይህ እምነት ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1883 ዚግሙንት ቭሩብሌቭስኪና ካሮል ኦልሼቭስኪ የተባሉ የፖላንድ ሳይንቲስቶች በክራኮቭ ከተማ ኦክስጅንንና ናይትሮጅንን በዕቃ ውስጥ ሊታይ በሚችል መጠን ወደ ፈሳሽነት ለወጡ።

ዲዋር በቀጣዩ ዓመት ፈሳሽ ኦክስጅንን ለለንደን ታዳሚዎች በአደባባይ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1891 የፋራዴይ የልደት መቶኛ ዓመት ሲከበርም ፈሳሽ ኦክስጅንን በብዛት የሚያመርት መሣሪያ ሠርተው ለሥራ አብቅተው ነበር። ከዚህ በኋላ ግን የገጠማቸው ችግር ፈሳሹን ማምረት ሳይሆን ማቆየት ሆነ።

ድርብ ግድግዳና የብር ቅብ

ፈሳሽ ኦክስጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመሆኑም ለእርሱ በተራ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ማለት ለአንድ ጀበና ውኃ ፍም ላይ እንደመጣድ ነው። በብርጭቆ ሲቀዳ ወዲያውኑ ይንተከተካል፤ ብርጭቆው በውጪ በኩል በአመዳይ ስለሚሸፈንም በውስጡ የሚሆነውን ለማየት አይቻልም። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተመረተው ፈሳሽ ምርምር ሳይካሄድበት ተንኖ ያልቃል።

እስከዚያ ዘመን የታወቁት ሙቀት ተከላካዮች ሱፍ፣ ላባ፣ ቡሽና ሰጋቱራ ነበሩ። የእነዚህ ሁሉ ምስጢር በውስጣቸው የሚይዙት የማይንቀሳቀስ አየር ነው። አየር ሙቀትን በቀላሉ የማያሳልፍ ቢሆንም ጨርሶ የሚከለክል ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 ዲዋር የቀድሞውን የኤደንብራ ዕቃ አስታወሱ። የማይንቀሳቀስ አየር የሚጠቅም ከሆነ የአየር አለመኖር ደግሞ ይበልጥ ሊጠቅም ይገባል ከሚል መነሻ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡና በአፋቸው ላይ ብቻ የተገናኙ ሁለት የብርጭቆ ዕቃዎችን አሠርተው በመካከላቸው የነበረውን አየር መጠጡት።

የዚህ ዕቃ አሠራር ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ሙቀት የሚጓዘው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በንክኪ ሲሆን፣ የብረት ማንኪያ በትኩስ ሻይ ውስጥ ሲቆይ እጀታው የሚግለው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው የሞቀ አየር ወይም ፈሳሽ ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀስ ሙቀቱን ይዞ የሚሄድበት ነው። ሦስተኛው የፀሐይ ሙቀት ወደ ምድር እንደሚደርሰው በጨረር የሚተላለፍበት ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አየር ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች ከሞላ ጎደል ይዘጋሉ። ጨረሩ ግን ባዶ ቦታን አቋርጦ ማለፍ ስለሚችል ዲዋር የብርጭቆውን ውስጠኛ ገጽ እንደ መስታወት በሚያንጸባርቅ ቀጭን የብር ቅብ ሸፈኑት። በዚህም ወደ ፈሳሹ የሚገባው ሙቀት በብዙ እጥፍ ቀነሰ። በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋ የነበረው ፈሳሽ ለሰዓታት መቆየት ቻለ።

ዲዋር ዕቃውን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1893 በሮያል ኢንስቲትዩሽን በተካሄደ ሕዝባዊ ጉባኤ ላይ አቀረቡ። አሠራሩን ሳይደብቁ አስረዱ፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ግን አላወጡበትም። ይህ ውሳኔ በኋላ ዘመናቸው ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ሃይድሮጅንና የተከፈለው ዋጋ

አዲሱ ዕቃ ዲዋርን ወደ ቀጣዩ ግባቸው አሻገራቸው። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1898 ሃይድሮጅንን ከዜሮ በታች ወደ 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማውረድ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ሰበሰቡ። በዓለም ላይ ሃይድሮጅን በዕቃ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወደ ጠጣርነት ለወጡት። በእነዚህ ሥራዎች የሰው ልጅ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ ከሚገኘው የቅዝቃዜ ወለል፣ በጥቂት ዲግሪዎች ርቀት ላይ ለመድረስ በቃ።

ስኬቱ ያለ መሥዋዕትነት የተገኘ አልነበረም። ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው መሣሪያዎች በተደጋጋሚ ይፈነዱ ነበር። የዲዋር የረጅም ጊዜ ረዳቶች የነበሩት ሮበርት ሌኖክስና ጀምስ ሂዝ እያንዳንዳቸው በቤተ ሙከራ አደጋ አንድ አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል። የግኝቱ ክብር ለፕሮፌሰሩ ሲሰጥ የእነዚህ ባለሙያዎች ስም በብዙ የታሪክ መጻሕፍት ሳይጠቀስ ቀርቷል። በመሆኑም ስለ ዲዋር ሲነገር የእነርሱም ድርሻ መነሳት ይኖርበታል።

ዲዋር ቁጡና ምስጢረኛ እንደነበሩም በቅርብ የሚያውቋቸው መስክረዋል። ቅድሚያው የማን ነው በሚል ከበርካታ የሙያ አጋሮቻቸው ጋር ተጋጭተዋል። ከእነዚህ መካከል ክፉኛ የጎዳቸው ከዊልያም ራምዚ ጋር የነበራቸው ቅራኔ ነው። ሃይድሮጅን ከተሸነፈ በኋላ ወደ ፈሳሽነት ያልተለወጠ አንድ ጋዝ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ሂሊየም ነው። ሂሊየምን በምድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1895 የለዩት ራምዚ ሲሆኑ ጋዙን በማጣራት ረገድም ከእርሳቸውና ከባልደረባቸው ሞሪስ ትራቨርስ የተሻለ ልምድ ያለው አልነበረም። ሁለቱ ቤተ ሙከራዎች ለንደን ውስጥ ተቀራርበው የሚገኙ ቢሆኑም ተባብረው አልሠሩም።

ዲዋር ሂሊየምን ያገኙ የነበረው ባዝ በተባለችው ከተማ ከሚገኘው ፍል ውኃ ከሚወጣ ጋዝ ነው። ይሁንና ከሂሊየሙ ጋር የተቀላቀለው ኒዮን የተባለ ጋዝ በቅዝቃዜው እየረጋ የመሣሪያውን ቧንቧ ይደፍንባቸው ነበር። ይህን ችግር ለመፍታት ይችሉ የነበሩት ሰዎች በቅርብ ርቀት ላይ ቢኖሩም አይነጋገሩም ነበር።

በዚህ መካከል በኔዘርላንድስ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ በተለየ መንገድ ይሠሩ ነበር። ለቤተ ሙከራቸው ከማንኛውም ነገር በፊት ያሟሉት የሠለጠነ የሰው ኃይል ነው። የመሣሪያ ሠሪዎችንና የብርጭቆ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከቤተ ሙከራው ጋር አያይዘው አቋቋሙ። ውጤታቸውን በየጊዜው እያሳተሙም ለሌሎች አካፈሉ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1908 ሂሊየምን ከዜሮ በታች በ269 ዲግሪ ገደማ ወደ ፈሳሽነት በመለወጥ እሽቅድምድሙን አሸነፉ። የተገለገሉበትም በዲዋር የተፈለሰፈውን ድርብ ግድግዳ ዕቃ ነበር። ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1913 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ራምዚ ቀደም ሲል በ1904 ተሸልመዋል። ዲዋር ግን በተደጋጋሚ ቢታጩም ሽልማቱን ሳያገኙ ቀርተዋል።

ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ

ዲዋር የሚገለገሉባቸውን የብርጭቆ ዕቃዎች የመሥራት ሙያ በዘመኑ በጀርመን ይበልጥ የዳበረ ነበር። ለሳይንሳዊ ተቋማት እነዚህን ዕቃዎች ከሚሠሩት አንዱ የበርሊኑ የብርጭቆ ባለሙያ ራይንሆልድ በርገር ነበሩ። በርገር ዕቃው ለተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ለቤት እመቤት፣ ለመንገደኛና ለሠራተኛም ሊጠቅም እንደሚችል አስተዋሉ። ተሰባሪውን ብርጭቆ በብረት ሽፋን ውስጥ አስገብተው በመደገፊያ እንዲቆም በማድረግ ያሻሻሉትን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1903 በጀርመን በፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገቡ። በቀጣዩ ዓመትም ምርቱ ቴርሞስ የሚል ስያሜ ይዞ ለገበያ ቀረበ። ቃሉ ሙቀት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን የተመረጠውም ለሕዝብ ክፍት በሆነ ውድድር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1907 የማምረት መብቱ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በካናዳ ለተቋቋሙ ኩባንያዎች ተሸጠ። ዕቃው በመጀመሪያ በባለሙያ ትንፋሽ አንድ በአንድ ይሠራ ስለነበር ዋጋው ውድ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የውስጡ ብርጭቆ በማሽን መመረት ሲጀምር ግን ዋጋው እየቀነሰ ሄደ። ለንጉሣዊ ተቋም ተመራማሪ የተሠራው ዕቃ በማዕድን ቆፋሪውና በባቡር ሠራተኛው የምሳ ዕቃ ውስጥ ቦታ አገኘ።

ዲዋር ይህን ሲያዩ መብታቸውን ለማስከበር ወደ ፍርድ ቤት ቢያመሩም አልተሳካላቸውም። ዕቃውን የፈለሰፉት እርሳቸው መሆናቸው የማያከራክር ቢሆንም ባለቤትነቱን አላስመዘገቡም ነበርና የሕግ ከለላ አላገኙም። ከሽያጩም ድርሻ አልነበራቸውም። የስያሜው ባለቤት የሆነው ኩባንያም በተራው ቃሉን ለብቻው ይዞ መቆየት አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቴርሞስ የሚለው ቃል የሕዝብ የወል ስም ሆኗል ሲል ወስኗል።

እዚህ ላይ ዲዋር ስለ ፈጠራ ባለቤትነት ሕግ የማያውቁ የዋህ ምሁር ነበሩ ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ከፍሬደሪክ ኤብል ጋር በመሆን ለእንግሊዝ መንግሥት ኮርዳይት የተባለውን ጭስ አልባ ባሩድ እ.ኤ.አ. በ1889 ሠርተው በፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግበዋል። በዚህ ሳቢያ የአልፍሬድ ኖቤል ኩባንያ ክስ መሥርቶ ጉዳዩ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ድረስ ከሄደ በኋላ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1895 ተረትቷል። እንዲሁም ካርል ሊንደ በጀርመን፣ ዊልያም ሃምሰን ደግሞ በእንግሊዝ በዚሁ በ1895 የአየር ማፍሰሻ መሣሪያቸውን ሲያስመዘግቡ ዲዋር በቅርበት ይከታተሉ ነበር። ስለዚህ ድርብ ግድግዳ ያለውን ዕቃ ሳያስመዘግቡ የቀሩት ሕጉን ባለማወቅ ሊሆን አይችልም። ዕቃው በእርሳቸው ዓይን የምርምር መሣሪያ እንጂ የገበያ ሸቀጥ አልነበረም፤ ለሌሎች ተመራማሪዎችም በነጻ ተዳርሷል።

የውሳኔው ውጤት ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ግኝቱ ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ በየአገሩ ቤተ ሙከራ በመግባቱ የቅዝቃዜ ሳይንስ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተስፋፋ። በሌላ በኩል ደግሞ ሊያገኙት ይችሉ የነበረው ገንዘብ ባለመኖሩ የቤተ ሙከራቸው ሥራ በለጋሾች ቸርነት ላይ ተመሥርቶ ቀረ። ለሕዝብ የጠቀመው ነገር የፈጠረውን ሰው ጎዳ።

ከሰልና ዱቄት

የዲዋር አስተዋጽኦ በብርጭቆው ዕቃ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በአዲሱ መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ከሰል በፈሳሽ አየር ሲቀዘቅዝ በአካባቢው ያለውን ጋዝ እንደ ስፖንጅ እንደሚመጥ በሰፊው አጠኑ። ከሰሉን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል በማስቀመጥ በፓምፕ ብቻ ሊገኝ ከሚችለው የላቀ ባዶነት አገኙ። በዚህም ዘዴ ከብርጭቆ ይልቅ ጠንካራና ትልቅ የብረት ዕቃ ለመሥራት ተቻለ። በተጨማሪም የግድግዳዎቹን መካከል በልዩ ልዩ ደቃቅ ዱቄቶች ሞልተው አየሩን በማስወጣት የሙቀት መከላከል አቅማቸውን ፈትሸዋል።

እነዚህ ሙከራዎች በቁሳቁስ ሳይንስ ዛሬ ከፍተኛ ቦታ አላቸው። ለሆስፒታሎች ፈሳሽ ኦክስጅን የሚከማችባቸው ትላልቅ ታንከሮች ድርብ ግድግዳ ያላቸው ሲሆኑ፣ በብዙዎቹ መካከል የሚሞላው ፐርላይት የተባለው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚገኝ ርካሽ ዱቄት ነው። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ዓለምን ባስጨነቀበት ወቅት የእነዚህ ታንከሮች ጥቅም ጎልቶ ታይቷል። ለማቀዝቀዣዎችና ለክትባት ማጓጓዣ ሣጥኖች የሚያገለግሉት ዘመናዊ ስስ ፓነሎችም አየር ከወጣለት የሲሊካ ዱቄት የሚሠሩ ናቸው። ተመራማሪዎች አሁን የሚደክሙት የፓነሎቹን አቅም ለማሳደግ ብቻ ሳይሆን ዋጋቸውን ለመቀነስም ነው። ለዚህም ፐርላይትንና ከሩዝ ገለባ አመድ የሚገኝ ሲሊካን የመሳሰሉ ርካሽ ጥሬ ዕቃዎችን ይሞክራሉ። በየሆስፒታሉ የሚገኘው የኤምአርአይ የምርመራ መሣሪያም በአብዛኛው በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝና በዚሁ መርህ የሚጠበቅ ነው።

የዲዋር ዕቃ ለአገራችን አርሶ አደርም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ቃሊቲ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል የኮርማ አባላዘር የሚያቆየው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። የማዳቀል ባለሙያዎች ወደየቀበሌው ይዘውት የሚሄዱት ኮንቴነር በዲዋር ዕቃ መርህ የተሠራ ነው። የኮንቴነሩ ባዶነት ከተበላሸ ናይትሮጅኑ ተንኖ ያልቃል፤ አባላዘሩም ከጥቅም ውጪ ይሆናል። የአንድ ወረዳ የወተት ልማት ዕቅድ በዚህ ስስ ባዶ ክፍተት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል ማለት ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ዲዋር እ.ኤ.አ. በ1904 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲም በ1894 የራምፎርድ ሜዳሊያን፣ በ1916 ደግሞ ከፍተኛ ክብሩ የሆነውን የኮፕሊ ሜዳሊያን ሸልሟቸዋል። ከዊልያም ክሩክስ ጋር በመሆንም የለንደን ከተማ የመጠጥ ውኃ ጥራት ምርመራ ላይ ለዓመታት አገልግለዋል።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ለቅዝቃዜ ምርምር የሚያስፈልገው ገንዘብና የሰው ኃይል ተመናመነ። በዚህ ጊዜ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ዲዋር እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ብዙ ወጪ ወደማይጠይቅ ጥናት፣ ወደ ሳሙና አረፋ ዞሩ። እጅግ ስስ የሆኑ የሳሙና አረፋዎችን ሳይፈነዱ ለረጅም ጊዜ በማቆየት የሚያሳዩትን ቀለምና ባሕርይ መረመሩ። በልጅነታቸው ስስ እንጨት ሳይሰብሩ ይሠሩ የነበሩ እጆች በእርጅና ዘመናቸውም በዚያው ጥንቃቄ ሠሩ።

ሰር ጀምስ ዲዋር እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1923 በ80 ዓመታቸው ለንደን ውስጥ አረፉ። ጡረታ ሳይወጡ፣ ከሹመታቸው ሳይነሱና ምርምራቸውን ሳያቋርጡ ነበር ያለፉት። ሆኖም እንደ ላይደኑ ተፎካካሪያቸው ሥራቸውን የሚያስቀጥሉ በርካታ ተማሪዎችን አላፈሩም። ከእርሳቸው በኋላ የቅዝቃዜ ምርምር ማዕከልነት ከለንደን ወደ ሌሎች ከተሞች መዛወሩም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ በመንግሥት ሥራ ላይ የተሠማራ ሰው የሚያገኛቸው ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው የፈጠራ ባለቤትነት ጥበቃን ይመለከታል። በአገራችን የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። አንድ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሠራውን ለሕዝብ ከማቅረቡ በፊት ያስመዝግበው ወይስ በነጻ ይልቀቀው የሚለውን በዕውቀት ላይ ተመሥርቶ እንዲወስን መረጃውን የማድረስ ኃላፊነት የሚመለከታቸው አካላት ነው። ሁለተኛው ከትብብር ጋር የተያያዘ ነው። ዲዋር ሂሊየምን ያጡት በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በአቅራቢያቸው ካለው ተቋም ጋር መነጋገር ባለመቻላቸው ነው። ሦስተኛው የባለሙያ ክብር ነው። ኦነስ ያሸነፉት ለመሣሪያ ሠሪውና ለብርጭቆ ባለሙያው ሥልጠና ከፕሮፌሰሩ ጥናት እኩል ትኩረት በመስጠታቸው ነበር።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ቤተ ሙከራዎች ባዶ ክፍተት ያለው ድርብ ዕቃ የሚጠራው በአንድ ቃል ነው፤ ዲዋር። ዕቃው ገንዘብ ያላስገኘላቸው ሳይንቲስት ስማቸውን ግን አትርፎላቸዋል። የሌኖክስና የሂዝ ስም በዚያ ላይ አልተጻፈም። የተሻለና በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ ሙቀት ተከላካይ ቁስ ለማምረት በሚደረገው ጥረት የሚሳተፉ ተቋማት ተመራማሪውንም፣ ቴክኒሽያኑንም፣ ተጠቃሚውንም እኩል ካሰቡ የዲዋር ትውልድ ያላሟላውን ሊያሟሉ ይችላሉ።